ልዕልት አሊስን ፍለጋ፣ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ

ኢየሩሳሌም የገባነው ለትንሣኤ ነው። ቤተ ልሔምን፣ ናዝሬትንና ዮርዳኖስን ከቡድኑ ጋር ተሳልሜያለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ጓደኞቼ ገበያ ሲወጡ ብቻዬን ስለሄድኩበት ገዳም ነው፤ የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ እናት ልዕልት አሊስ ያረፉት እዚያ ነው።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። የጎረቤት ክፍል እንግዶች እስኪነጋ ሻንጣ ሲጎትቱ አደሩ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ደማስቆ በር አጠገብ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ቆጣሪ አልከፍትም ብሎ 80 ሰቅል (የእስራኤል ገንዘብ) ጠራ። መንገዱ አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም! ገዳሙ ለጎብኚ የሚከፈተው በሳምንት ጥቂት ቀናት፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት ነው። እንዳያመልጠኝ ብዬ በ60 ተስማማሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ላይ ለአምስት ብር የምከራከር ሰው ነኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ የመግደላዊት ማርያም ነው፤ ከጌቴሴማኒ በላይ፣ ሰባት የወርቅ ጉልላት ያለው። የሩሲያው ንጉሥ አሌክሳንደር ሣልሳዊ ለእናታቸው መታሰቢያ አሠርተውት በ1888 ተመረቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዳገቱን ወጥቼ ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ አንዲት እናት መነኩሲት አዩኝ። ምንም ሳልጠይቅ ወንበር ጥላ ሥር አደረጉልኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ፊታቸው በራ። እዚያው ኢየሩሳሌም ያለውን የዴር ሱልጣን ገዳማችንን መነኮሳት ያውቋቸዋል። የታክሲው ንዴት ለጊዜው በረደልኝ።

የልዕልት አሊስ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። ወደ ታች ጎብኚ አይወርድም አሉኝ፤ ላይ ሆኜ ጸለይኩ። ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የአክስታቸው የቅድስት ኤልሳቤጥ አፅም አለ። በ1918 ቦልሼቪኮች የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የጣሏቸው እሳቸውን ነው።

የአሊስን ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ ከልቤ አልወጡም። በ1885 ዊንዘር ቤተ መንግሥት ሲወለዱ ቅድመ አያታቸው ንግሥት ቪክቶሪያ እዚያው ነበሩ። ጆሯቸው አይሰማም፤ የሰው ከንፈር እያዩ ንግግር ይረዱ ነበር፣ ያውም በብዙ ቋንቋ። የግሪኩን ልዑል አንድሪያስን አገቡ። በ1922 ግሪክ በቱርክ ስትሸነፍ ባላቸው ከአገር እንዲባረሩ ተፈረደባቸው። በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲወጡ ሕፃኑ ፊሊፕ የተኛው የብርቱካን ሳጥን ውስጥ ነበር። ያ ሕፃን በኋላ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባል ሆነ።

ፓሪስ አጠገብ በዘመድ ቤት ተጠግተው ኖሩ። በ1928 ኦርቶዶክስ ሆኑ። በ1930 የአእምሮ ሕመም አለባቸው ተብሎ ያለፈቃዳቸው ስዊዘርላንድ ሕክምና ቤት ገቡ፤ ቤተሰቡም ተበተነ። በ1937 ሴት ልጃቸው ሴሲሊ ከነባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር በአውሮፕላን አደጋ አለቀች። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ቢሰበር ማን ይፈርዳል? እሳቸው ግን ወደ አቴንስ ተመለሱ። ናዚዎች ከተማዋን ሲይዙ ለተራበ ምግብ ያድሉ ነበር። ራሄል ኮኸን የምትባል አይሁዳዊት መበለትን ከሁለት ልጆቿ ጋር ቤታቸው ደበቁ። ጌስታፖ መጥቶ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም፣ አልገባኝም እያሉ አመለጡት። ናዚዎች ለፈጇቸው አይሁዶች መታሰቢያ የሆነው የእስራኤሉ ተቋም ያድ ቫሼም በ1993 ጻድቅ ብሎ ሰይሟቸዋል።

በ1969 ለንደን ሲያርፉ ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ጨርሰው ነበር። ኢየሩሳሌም፣ አክስቴ አጠገብ ቅበሩኝ ብለው ነበር። ልጃቸው ለመጎብኘት ይርቀናል ብትላቸው፣ ጥሩ አውቶቡስ አለ ብለው መለሱላት ይባላል። መጀመሪያ ያረፉት ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። በ1988 አፅማቸው ወጥቶ ወደ ደብረ ዘይት መጣ።

እዚህ ላይ ሆዴ ባባ። እዚያው ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የእኛ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አለ። ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች በሰባት ዓመቱ ወስደውት፣ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። አፅሙ ለአገሩ ይብቃ ብለን ስንት ጊዜ ለመንን። በ2023 ከቤተ መንግሥቱ የመጣው መልስ፣ አጠገቡ ያረፉ ብዙ ሰዎችን ሳንነካ ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር። የአሊስ መቃብር ቦታ ከሱ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አንዷን ስደተኛ እስከ ኢየሩሳሌም ያደረሰ ቤተሰብ ለሌላው ስደተኛ መንገድ ይጠፋዋል ብዬ ማመን ያቅተኛል።

መነኩሲቷ ለሙታን ጸሎት የስም ወረቀት ሰጡኝ። አሊስና ዓለማየሁ ብዬ ጻፍኩ። ዓለማየሁ ማነው ሲሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ያዝኩ። ከታክሲው ጋር በማይወዳደር ጥቂት ሰቅል ደማስቆ በር ወረድኩ። የምትሄዱ ካላችሁ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ነጠላም ያዙ። ከመሠዊያው በላይ ያለውን ትልቅ ሥዕል ሳታዩ አትውጡ፤ መግደላዊት ማርያም ለቄሣር ጢባርዮስ ቀይ እንቁላል ስታቀርብ ያሳያል።