ሳንቲሞቹን የጎዳቸው አልበሙ ነው

የወረስኩት የሳንቲም ስብስብ ለረጅም ዘመን በወረቀት ፖስታ ተጠቅልሎ ደህና ቆይቷል። «ወግ ባለው መንገድ ልያዘው» ብዬ ስነሳ ነው ያበላሸሁት። ሁሉንም አይደለም፣ 11 ሳንቲም። ሌባ አልገባም፣ እሳትም አልተነሳም። ጥፋተኛው «ለሳንቲም የተሠራ» ተብሎ የተሸጠልኝ ለስላሳ የፕላስቲክ አልበም ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ያልተቸገርኩበትን ቶሎ ልጨርስ። ምንም ሳላነሳ አደራደሩን ፎቶ አነሳሁ። ፖስታዎቹ ላይ በእጅ የተጻፈውን ማስታወሻ አልጣልኩም፤ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ሌላ የለም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቼ ሁለቱንም ፊት ፎቶ አነሳሁ፣ 0.01 ግራም በሚለይ ሚዛን መዘንኩ፣ ስፋቱን በፕላስቲክ ካሊፐር (ጥርሱ ዕቃውን ከሁለት ጎን የሚይዝ መለኪያ) ለካሁ። የብረት ካሊፐር ይጭራል። ክብደት መመዝገብ ሐሰተኛውን ለመጠርጠርም ይረዳል። የማርያ ቴሬዛ ብር ለምሳሌ 28.07 ግራም አካባቢ ነው። 1780 የሚለው ጽሑፍ ግን ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም፤ ከእቴጌይቱ ሞት በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱን ከቤት ውጭ አስቀመጥኩ።

አሁን ወደ አልበሙ። ገጾቹ ጥርት ያሉ፣ እንደ ጨርቅ የሚተጣጠፉ ናቸው። ሲከፈት አዲስ የሻወር መጋረጃ ይሸታል። ሻጩን «ሳንቲም አይጎዳም?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሰው ሁሉ የሚወስደው ይህንን ነው» አለኝ። አልዋሸም፤ ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው።

ያ ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ በራሱ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገው የሚጨመርበት ዘይት መሰል ማለስለሻ ነው። ማለስለሻው በጊዜ ብዛት ከፕላስቲኩ እየወጣ ሳንቲሙ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ ራሱ ሲያረጅ ደግሞ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይለቃል፤ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ይፈጥናል። አሲዱ የሚፈልገው መዳብን ነው። «የእኔ የብር ሳንቲም ነው፣ መዳብ አይደለም» ብሎ መጽናናት አይሠራም፤ አብዛኛው የብር ሳንቲም መዳብ ተቀላቅሎበታል። የማርያ ቴሬዛ ብር ውስጥ ብሩ 83.3 በመቶ ብቻ ነው፣ ቀሪው መዳብ ነው።

ምልክቱን መጀመሪያ አቧራ መስሎኝ አለፍኩት። በአጉሊ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ ሳየው፣ በፊደሎቹ ሥር የተኛ ስስ አረንጓዴ ጉም ነበር። በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ ስነካው ተለጠጠ። የመዳብ ዝገትም አረንጓዴ ይሆናል፣ ግን ደረቅ ነው፤ ይኼኛው ያጣብቃል። ልዩነቱ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ለስላሳ ቢሆንም በዝልግልጉ ውስጥ የተያዘው አቧራ ለስላሳ አይደለም። ሳንቲሙን በመብራት ስር ዘንበል ሳደርገው ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ጭረቶች አንድ አቅጣጫ ይዘው ይታያሉ። ቁጥር 14 ነው። ጭረት አይመለስም።

«ሳንቲም ፈጽሞ አታጽዱ» የሚለውን ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ለመወልወያ፣ ለቤኪንግ ፓውደር፣ ለጥርስ ሳሙና፣ ብር ለሚያነጣ ፈሳሽ እውነት ነው። ብር የሚያነጣው ፈሳሽ አሲድ ስላለበት ጥቁረቱን ከብሩ ገጽ ጋር ነው የሚያነሳው፤ የሚሰበስብ ሰው ደግሞ በዓይኑ ይለየዋል። ፒቪሲ ላይ ግን ይህን ምክር ሰምቶ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ጥፋት ነው፤ ዝልግልጉ እስካለ ድረስ ብረቱን መብላቱን አያቆምም። የሚያነሳው ንጹህ አሴቶን ነው። አሴቶን ፕላስቲኩን ያሟሟል፣ ብረቱን አይነካም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አሴቶን ቢኖርበትም ውሃ፣ ሽቶ፣ ቀለምና ዘይት ስላለበት ሌላ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። ጠርሙሱ ላይ ከአሴቶን ሌላ ምንም ተጽፎ መገኘት የለበትም።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። ሦስት ትንንሽ የብርጭቆ ማሰሮ አዘጋጀሁ፤ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ከተደረገ አሴቶኑ ሳህኑን ራሱን ያሟሟና ሌላ ጣጣ ያመጣል። መስኮት ተከፍቶ፣ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም የሚሞቅ ምድጃም ሳይኖር። ይህን ቀልድ አታድርጉት፤ የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች ባለ ሙቀትም እሳት ይይዛል። አንድ ሳንቲም ብቻ የመጀመሪያው ማሰሮ ውስጥ ከትቼ ከደንኩት፤ ካልተከደነ ይተናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእንጨት ወረንጦ ጠርዙን ይዤ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ትርፍ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ማሰሮ አሴቶን የሟሟው ፒቪሲ ያለበት ስለሆነ፣ ሳንቲሙ ከዚያ ወጥቶ ቢደርቅ ቆሻሻው በስሱ ተነጥፎ ተመልሶ ይቀመጣል። በመጨረሻ በንጹህ ወረቀት ላይ አጋድሞ መተው ነው፤ በሰከንዶች ይደርቃል። መጥረግ የለም። አልለቅ ያለውን ሌሊቱን አሳደርኩት። የኒትራይል (ሰው ሠራሽ ላስቲክ) ጓንት አሴቶን ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ አትመኑት። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ሳንቲም ደግሞ አይነከርም፤ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል።

ከ11ዱ 7ቱ ንጹህ ሆነው ወጡ። 3ቱ ላይ ዝልግልጉ ቢለቅም ሥሩ ተበልቷል፤ በመነጽር ሲታይ ገጹ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ጉድጓድ አለው። 11ኛው ያ በጨርቅ የጠረግኩት ቁጥር 14 ነው።

ቤት ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ ከዚያ በኋላ ፈተንኩ። የመዳብ ሽቦ ጫፉ እስኪቀላና እሳቱ ላይ ቀለም ማሳየት እስኪያቆም ይጋላል፤ በትኩሱ ፕላስቲኩን ነካ ተደርጎ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ ፒቪሲ ሳይሆን አይቀርም። ጭሱ መርዝ ስለሆነ ደጅ ላይ፣ ከአሴቶኑ ርቆ ይደረግ። «ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ» የሚል ከተጻፈባቸው ሁለት ዓይነት መያዣዎች አንዱ አረንጓዴ ነደደ። ማሸጊያ ላይ የሚጻፍ ነገር ካነበብኩ በኋላ የማምነው ሽቦዬን ነው።

አሁን ውድ የሆኑት በልካቸው በተሠራ ጠንካራ ካፕሱል (አንድ ሳንቲም የሚይዝ ክብ የፕላስቲክ መያዣ) ውስጥ ናቸው። ልኩ ከሰፋ ሳንቲሙ ውስጡ እየተንሸራተተ ይፋጫል፤ ስፋቱን መለካቴ የጠቀመኝ እዚህ ነው። ሌሎቹ የማይላር (ፒቪሲ ያልሆነ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ) መስኮት ባለው የካርቶን መያዣ ውስጥ ገቡ። የሚታሸገው በስቴፕለር ነው፤ የሽቦው ጫፍ በፒንሳ ካልተደፈጠጠ አጠገቡ ያለውን መያዣ ቀዶ ሳንቲም ይጭራል። ሲከፈትም ካርቶኑን ጎትቶ መገንጠል አይደለም፣ መጀመሪያ ሽቦው ተነቅሎ ይውጣ።

መያዣዎቹ የሚገቡበት ሳጥን ነገር ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። የኦክ እንጨት የአሴቲክ አሲድ ትነት ይለቃል፣ እርሳስ የተባለው ብረት ያለበትን ነገር ነጭ ዱቄት እስኪመስል ያዝገዋል። በሙጫ የተጋገረ ቺፕውድም አይታመንም። የድሮ የሳንቲም መሳቢያ በብዛት ከማሆጋኒ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ቀለሙ በሙቀት የተጋገረ የብረት ሳጥን ነው የያዝኩት። ላስቲክና የሱፍ ጨርቅ ድኝ ስላለባቸው ብርን ያጠቁራሉ፤ ወደ ሳጥኑ አይጠጉም።

እሳት የማይበግረው ካዝና ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እሳቱን የሚቋቋመው ግድግዳው ውስጥ ውሃ የያዘ ሙሊት ስላለ ነው፤ እሳት ሲነሳ ያ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ በአዘቦት ቀን ግን የካዝናውን ውስጥ ያረጥበዋል። የመመሪያው ወረቀት ይህን በደቃቅ ፊደል፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው የሚነግራችሁ። ደግሞም ለወረቀት ተብሎ የተፈተነ ካዝና ውስጡን ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለማቆየት ነው የተሠራው። ወረቀት ይተርፋል፤ ካፕሱሉ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪን፣ ግን 100 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል።

ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ 50 ግራም የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ከረጢትና አንድ የእርጥበት መለኪያ አለ። ከ50 በመቶ በላይ እንዲወጣ አልፈቅድም። መለኪያው ራሱ መፈተን አለበት፦ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ እንደ እርጥብ አሸዋ አድርጎ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጦ፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጎ ማሳደር። ጠዋት 75 ማለት አለበት። የእኔ 69 ብሎ አደረ፤ በማንኛውም ንባብ ላይ 6 እጨምራለሁ። ሲሊካው ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ጠጥቶ ጠግቧል፤ ፍሬዎቹ ከከረጢቱ ወጥተው 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆዩ እንደገና ይሠራሉ። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለበት አልገዛውም።

ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጉ ይላሉ። አላደርግም። ጥጥ ያንሸራትታል፣ አቧራም ይይዛል፤ የወደቀ ሳንቲም ከጣት አሻራ የባሰ ይጎዳል። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ጠርዙን ብቻ እይዛለሁ። ከስሬ ወፍራም ፎጣ አነጥፋለሁ። ሳንቲም ይዤ አላወራም፤ የምራቅ ፍንጣቂ መዳብ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ኢንሹራንሱ እንደ አልበሙ አላበሳጨኝም፣ ግን ተቃርቧል። የቤት ዕቃ ውል ሲፈረም ሳንቲም «ዕቃ» ነው፣ ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ ትንሽ ጣሪያ የተቀመጠለት «ገንዘብ» ይሆናል። ስብስቡ በስሙ ተጠቅሶ፣ ከፎቶና ከክብደት ዝርዝሩ ጋር በአባሪ መግባቱን በጽሑፍ ሳላይ አልፈረምኩም። ሠራተኛው «ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?» አለኝ። ማኅተሙን ግን አደረገ።

በየሦስት ወሩ ሳጥኑን እከፍታለሁ። መለኪያውን፣ የሲሊካውን ቀለም አያለሁ፣ ከዚያ አረንጓዴ ይዞባቸው የነበሩትን ብቻ በመነጽር እመረምራለሁ። ተደብቆ የቀረ ዝልግልግ ካለ በመጀመሪያው ዓመት ነው የሚታየው ብዬ ነበር፤ በአምስተኛው ፍተሻ አንዱ ላይ፣ በ«8» ቁጥር ቀለበት ውስጥ፣ ጉሙ ተመልሶ አገኘሁት። ማሰሮዎቹን አልጣልኳቸውም ነበር።