ኮሶ ሲታይብኝ ያደረግኩት

በእኛ በደብረ ብርሃን ፋሲካ ያለ ጥሬ ሥጋ አይታሰብም። ኮሶ የታየበት ሰውም ብርቅ አይደለም። እኔም ሰገራዬ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ሳይ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

መድኃኒት ቤት ሄጄ «የትል መድኃኒት ስጡኝ» አላልኩም። ቁራጩን በንጹሕ ዕቃ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሰገራ ምርመራ ብቻውን የኮሶን እንቁላል ሊስተው ይችላል፤ ቁራጩን ያየ ባለሙያ ግን ብዙም አይቸገርም።

መጀመሪያ ትሉን መለየት የሚያስፈልገው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ለወስፋት አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም አንዴ ይሰጣል። ለጃርዲያና ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይታዘዛል፤ እሱን የሚወስድ ሰው አረቄም ጠላም መቅመስ የለበትም። ለኮሶ ደግሞ ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል አለ። ጎረቤት «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብሎ የተረፈውን ፍሬ ሲሰጥ የምፈራው ለዚህ ነው።

ለእኔ ኒክሎሳማይድ ታዘዘልኝ፤ ባለ 500 ሚሊግራም 4 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ። ፋርማሲስቷ «ወንድሜ፣ እንዳለ እንዳትውጠው፤ በደንብ አኝከው» አለችኝ። መድኃኒቱ ወደ ደም ብዙም አይገባም፤ የሚሠራው እዚያው አንጀት ውስጥ ትሉን አግኝቶ ነው። ስለዚህ መድቀቅ አለበት።

እማዬ ግን «ኮሶውን ብትጠጣ ይሻልህ ነበር» አለች። አልፈርድባትም። የኮሶ ዛፍ ደጋችን ላይ ይበቅላል፤ አያቶቻችን አበባውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በባዶ ሆድ እየጠጡ ኖረዋል። ትሉንም ያስወጣል። ችግሩ መጠኑ ነው። ሲበዛ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ዓይን የጎዳበት ጊዜም አለ። ለልጅና ለነፍሰ ጡር በፍጹም አልመክርም።

መድኃኒቱን ከወሰድኩ በኋላ ትሉ ሙሉውን ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ብዙ ጊዜ ሞቶ ስለሚፈርስ ጭንቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጭንቅላቱ ከቀረ ግን እንደገና ያድግና በ3 ወር አካባቢ ቁራጮቹ መታየት ይጀምራሉ። ስለዚህ ደኅና ነኝ ብዬ አልተውኩትም፤ ከ3 ወር በኋላ ተመልሼ ተመረመርኩ። ነጻ ነበርኩ።

ቤታችን አሁን ሥጋው መሃሉ ድረስ ይበስላል። ለገጠር ዘመዶቼ ደግሞ የማሳስባቸው የሽንት ቤቱን ነገር ነው። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው የጣለውን እንቁላል ከብቱ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል፤ ሥጋው ውስጥ ያድርና በዓል ሲደርስ ትሪ ላይ ይቀርባል።