የማይገጥሙት የት ይገናኙ?

ሐምሌ 14፣ ጅማ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ከጋሼ ጋር ሆነን የአባቴን የቆመ ላንድሮቨር ለማስነሳት ያሰብኩባቸው ሁለት ዲፈረንሻሎች (ኃይሉን ተቀብለው ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍሉት) ጎማው አንዴ እንዲዞር ስንት ዙር እንደሚፈልጉ ቆጠርን። አንደኛው በአባቴ ላንድሮቨር ሥር ያለው ሲሆን ሌላው ባለፈው ወር አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ በአይሱዙ ያስጫንኩት የላንድክሩዘር የኋላ ዲፈረንሻል ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አንዱ ጎማ እንዳይዞር ይያዛል፣ ሌላው በክሪክ ይነሳል፣ በጎማውና ኃይል ከካምቢዮ በሚያመጣው ትራንስሚሽን ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ የተነሳው ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር ትራንስሚሽኑ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይታያል። የላንድሮቨሩ ምልክት አራት ጊዜ ዞሮ አምስተኛውን ከጀመረ በኋላ ሦስት አራተኛው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። የላንድክሩዘሩ ግን አራቱን ጨርሶ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አለፈ። ጋሼ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ግድግዳው ላይ 4.70 እና 4.11 ብለው ጻፉና፣ “ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ መኪና ላይ አይውሉም” አሉኝ።

ሦስት ወር ሙሉ በደብተሬ ይዤው የቆየሁት ዕቅድ በዚህች ስሌት ፈረሰ። ሐሳቤ የኋላውን በላንድክሩዘር ተክቼ የፊቱን የላንድሮቨር እንዳለ በመተው ገንዘብ ማትረፍ ነበር። ነገር ግን የፊት ዲፈረንሻሉ ሲገባ ሪዶታው (ከካምቢዮው የሚመጣውን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው) የፊቱንና የኋላውን ትራንስሚሽን በእኩል ፍጥነት ስለሚያዞራቸው፣ የኋላው ጎማ መቶ ጊዜ ሲዞር የፊቱ 87 ጊዜ ብቻ ሊዞር ነው ማለት ነው። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይዋጣል፤ ጠንካራ መሬት ላይ ግን መውጫ ስለማያገኝ ሰሚያሱን (ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ወይም ክሮቼራውን (የትራንስሚሽኑን መጋጠሚያ) እስኪሰብር ድረስ ይጠራቀማል። ከአጋሮ ወደ ጌራ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በክረምት አንዱ ሜትር ቀይ ጭቃ፣ ቀጣዩ ሜትር ድንጋይ ነው።

መኪናው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሦስተኛው ትውልድ ከሚባለው፣ ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተመረተው ላንድሮቨር ረጅሙ፣ ባለ 109 ኢንቹ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው። የላንድሮቨር ሥራ በ1948 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በእንግሊዝ አገር በራሽን ስለነበር ወደ አሉሚኒየም መሄዳቸው፣ ዝናብ በማይለየው በእኛ አገር ለዚህ መኪና ዕድሜ ሆኖታል። ሻንሲው ግን ብረት በመሆኑ ከኋላ በኩል በዝገት ተበልቶ ሁለት ቦታ ተበይዷል፤ ከዚያ ውጪ ደህና ነው። ባለ 2286 ሲሲው የናፍጣ ሞተር ከነከሰ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አባቴ በዚህ መኪና ጀንፈል ከጌራ ወደ ጅማ ያመላልስ ነበር፤ የኋላ ሰሚያሱ ቶሎ የሚሰበር ስለነበረም መጠባበቂያ አንዱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሁልጊዜ ከመቀመጫው ኋላ ይይዝ ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ዕቅዱን እንደገና ስጽፍ ጥያቄውን ቀየርኩት። እስካሁን እጠይቅ የነበረው የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ነበር። ከተለያየ መኪና የተለቀመ ዕቃ የማይገጥምበት ቦታ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ልጠይቅ የሚገባኝ አለመግጠሙን የት ቦታ ላኑረው የሚለውን ነው። መልሴም ይህ ነው፦ የማይገጥሙት ነገሮች የሚገናኙት በዓይን በሚታይ፣ ሲሰነጠቅም የትኛውም ከተማ ያለ በያጅ ሊጠግነው በሚችል ብረት ላይ ብቻ ይሁን። የሞተር መያዣ፣ የባሌስትራ መቀመጫ፣ የትራንስሚሽን ርዝመት እንዲህ ያሉ ናቸው። ጥርስና ጥርስ፣ ዘይትና ዘይት የሚገናኝበት ግን ሁሉም ከአንድ መኪና ይምጣ።

ከሁሉ በላይ ይህን ያጸናሁት ስለ ፍሬኑ ነው። የላንድሮቨሩ የብሎን ጥርስ በኢንች፣ የቶዮታው በሚሊ ሜትር የተቆረጠ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ የፍሬን ቱቦ ቀዳዳ ውስጥ የሦስት ስምንተኛ ኢንቹ ዳዶ በእጅ ሲገባ የገጠመ ይመስላል፤ ውፍረታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የበለጠ አይለያይም፣ የጥርሳቸውም ርቀት ተቀራራቢ ነው። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳያቸው ልለያቸው አልቻልኩም፤ ያወቅኳቸው ቁልፍ ሳስገባባቸው ነው። እንዲህ ያለው መገጣጠም ጋራዥ ውስጥ ዘይት ይዞ ይቆይና፣ ስምንት ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት ሲወረድ ፔዳሉ በሙሉ ኃይል ሲረገጥ ሊለቅ ይችላል። የእናቴ ወንድሞች የሚጫኑበትን መኪና በዚህ ላይ ልመሠርተው አልችልም። ስለዚህ የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል፣ ፍሬኑ፣ የፍሬን ፖምፓውና ቱቦው ጭምር የላንድክሩዘር ይሆናል። እግረ መንገዱንም የቸርኬው ነገር ይፈታል፤ የላንድሮቨር ቸርኬ አምስት ቀዳዳ፣ የላንድክሩዘሩ ስድስት ስለሆነ በመጀመሪያው ዕቅዴ ሁለት ዓይነት መጠባበቂያ ጎማ መያዝ ነበረብኝ። የላንድክሩዘሩ ሰፋ ስለሚል ጎማው በሁለቱም ወገን ከፓራፋንጎው ትንሽ ይወጣል፤ ለእሱ ጎማ ቆርጦ ማልበስ ይበቃል።

ሞተሩ ብዙ አላከራከረንም። ከተገለበጠ ሃይሉክስ የወጣ ባለ 2779 ሲሲ ናፍጣ ከነካምቢዮውና ከነሪዶታው አግኝቻለሁ። ኮምፒውተር የሌለው፣ የናፍጣ ፖምፓው ሙሉ በሙሉ በሜካኒክ የሚሠራ በመሆኑ ጌራ ላይ ቢቆምም በእጅ የሚፈታ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ጉልበቱን ከማርሹ መፈለግ አለብኝ። የመጀመሪያ ማርሹ አራት ገደማ፣ ሪዶታው 2.28፣ ዲፈረንሻሉ 4.11 ነው፤ ሲባዙ 37 ያህል ይሆናሉ፣ ሞተሩ 37 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ጋሼ ይህ ለጭቃ ይበቃል ይላሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። የሪዶታው የፊት መውጫ በቀኝ መሆኑ፣ የላንድክሩዘሩም የፊት ዲፈረንሻል ወደ ቀኝ ያደላ መሆኑ ደግሞ ሳልደክምበት ያገኘሁት በረከት ነው። ትራንስሚሽኑን ሲበይዱ ሁለቱ ክሮቼራዎች በአንድ መስመር እንዲቆሙ ራሴ ከአጠገባቸው እቆማለሁ፤ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ያስበየድኩት በዚህ ስሕተት ምክንያት መኪናውን ሲያንቀጠቅጥ ኖሯል።

ሊብሬው ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል። ሻንሲውን ስለማልነካ አንዱ ቁጥር ይጸናል፤ የሞተሩን ለውጥ ግን ሥራው ሳይጀመር ሄጄ ማስመዝገብ አለብኝ። ሊብሬው አሁንም በአባቴ ስም ስለሆነ ከእናቴ ጋር አብረን መሄድ ይኖርብናል፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

ማታ ደብተሩን ከዘጋሁ በኋላ ወርጄ ያን በከረጢት የተጠቀለለ ሰሚያስ ከመቀመጫው ኋላ አወጣሁት። ግራሶው ደርቆ ጠቁሯል፤ ጥርሶቹ ግን አንድም ሳይነኩ አሉ። አዲሱ ዲፈረንሻል ውስጥ አይገባም። መልሼ ጠቅልዬ ቦታው አስቀመጥኩት። ነገ ጠዋት ሶማሌ ተራ ደውዬ የፊት ዲፈረንሻሉን እጠይቃለሁ፤ ገንዘቡን ከመላኬ በፊትም ሰውየው ጠመኔ ይዞ ሁለት ዙር እንዲያዞርልኝና የቆመበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ።