አንድ ድስት ቸኮሌት፣ ስምንት ሹካ

ደሴ ውስጥ ሰው ቤትሽ የምትጠሪው ወይ ለቡና ነው፣ ወይ ለበዓል ነው። ዝም ብሎ «ቅዳሜ ማታ ኑ፣ ቸኮሌት እያጠቀስን እንብላ» ማለት ያስቃል። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስጽፈው ተሳቀብኝ። የመጀመሪያው መልስ «ምን ተገኘ?» ነበር። ሁለተኛው «በምንድን ነው የሚጠቀሰው፣ በእንጀራ?»። ሦስተኛው ምንም ሳይል የሽሮ ፎቶ ላከ።

ማጥቀስን እኮ ከማንም አልተማርነውም። ገንፎ ምንድን ነው? መሀሉ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቅቤና በርበሬ፣ ዙሪያውን ሰው፤ ከዳር እየቆረሱ መሀል ነከር እያደረጉ መጉረስ ነው። ፈረንጆቹ የነሱን ፎንዱ ይሉታል፣ በፈረንሳይኛ የቀለጠ ለማለት። ስዊሶች የሚታወቁት በአይቡ ነው። የቸኮሌቱን ያመጣው ኮንራድ ኤግሊ የሚባል ኒው ዮርክ ሬስቶራንት የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ። ማለትም ነገሩ የእናቴ እኩያ ነው። ይሄን ግሩፑ ላይ ስጽፍ «እሺ፣ እንመጣለን፣ ታሪኩን ተይው» አሉኝ።

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር፣ የገና ጾም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አሠራር ክሬም ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ሩም ይላል። ክሬሙ ለጿሚዎቹ አይሆንም። ሩሙ ለሙስሊሞቹ አይሆንም። ሁለቱን ሳወጣ የቀረኝ ቸኮሌት ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሁለት ድስት ላድርግ ብዬ ነው፣ አንድ የጾም፣ አንድ የፍስክ። ለአከራዬ ለእትዬ ሳማክራቸው ግን «ሁለት ድስት ካለ ሁለት ግብዣ ነው፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሊቀመጥልሽ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ወሎ ላይ በሥጋ ከሆነ ሁለት ድስት ግድ ነው፣ የክርስቲያን ለብቻ፣ የእስላም ለብቻ፣ ለምደነዋል፣ ማንም አይከፋውም። ጣፋጭ ላይ ግን ምን አለያየን? ስለዚህ አንድ ድስት፣ የጾም፣ ለሁሉም። ፍስክ የሚበላው ሰው ደግሞ አንድ ማታ ወተት ቢቀርበት አይሞትም።

ቸኮሌቱን እንዲገዛ የላክነው ኮምቦልቻ የሚሠራውን ጓደኛችንን ነው። ትእዛዙ ቀላል ነበር፦ ጥቁር ቸኮሌት፣ አራት ባለ 100 ግራም፣ ጀርባው ላይ የወተት ዱቄት የሚል እንዳይኖር አንብብ። አነበበ፣ ገዛ። ከዚያ ሥራ እስኪጨርስ መኪናው ውስጥ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፣ ታኅሣሥም ቢሆን የቀትር ፀሐይዋ ቀልድ አያውቅም፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ አስቢው። ቀለጠ። የሀረጎን አቀበት ሲወጣ በረደ፣ ደሴ ሲደርስ ድንጋይ ሆነ። ስንከፍተው ላዩ ነጭ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ሻግቷል» አለ፣ ፊቱ ወደቀ። አልሻገተም። ቸኮሌት ቀልጦ እንደገና በዘፈቀደ ሲረጋ ውስጡ ያለው የካካዎ ቅቤ ወደ ላይ ይወጣና እንደዚያ ይነጣል። መልኩ እንጂ ሌላው ደህና ነው። ስጦታ ልትሰጪው ከሆነ ያሳፍራል፣ ልታቀልጪው ከሆነ ግን ምን ቸገረሽ፣ መልሶ ይጠፋል።

ድስቷን ያዋሱኝ እትዬ ናቸው። አዲስ የሸክላ ድስት፣ በጎመን ዘር አሟሽተው ገና ወጥ ያልሠሩባት። ሸክላ የመረጥኩት ለፎቶ አይደለም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ቶሎ አይለቅም፣ ቸኮሌት የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው። ቸኮሌት 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀልጦ ያልቃል፣ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ማለት ነው፣ አፍ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከ50 በላይ ስትወስጂው ግን ማረር ይጀምራል። እሳት ላይ ቀጥታ አይጣድም። እኔ ቸኮሌቱን ሰባብሬ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አደረግሁና ሳህኑን ለስ ያለ ውሃ ያለበት ብረት ድስት አፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ ታቹ ውሃውን ሳይነካ። በቀስታ እየቀለጠ፣ እየቀለጠ፣ እያበራ መጣ። ቤቱ ሸተተ። እንግዶቹ መግባት ጀምረዋል፣ ጋቢና ሹራብ ደርበው፣ ያው ደሴ ነው።

ከዚያ የማይረባ ነገር ሠራሁ። ሰው ሰላም ልል ስነሳ «ይሙቅልኝ» ብዬ ክዳን ገጠምኩበት።

ስመለስ ክዳኑን ሳነሳው የክዳኑ ወዝ ጠብ ጠብ አለበት። ሦስት አራት ጠብታ ቢሆን ነው። ማማሰያውን ሳዞረው ያ የሚያበራው ነገር ተሸበሸበ፣ ተቋጠረ፣ ደርቆ እንደ ጭቃ ግጥም አለ። ምንም ብታማስዪ ይብስበታል። ስምንት ሰው ሳሎን ተቀምጧል፣ እኔ ማድ ቤት ቆሜ 400 ግራም ጭቃ አያለሁ። ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። ቸኮሌት ቅባት ውስጥ የተበተነ የካካዎና የስኳር ዱቄት ነው። ጥቂት ውሃ ሲነካው ዱቄቱ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ደረቅ ዱቄት ላይ ውሃ ጠብ ስታደርጊ ጓል እንደሚሠራው። መድኃኒቱ ተቃራኒ ይመስላል፤ ውሃ መጨመር ነው፣ በደንብ። ጥቂቱ ነው የሚያበላሸው፣ ብዙው ያስተካክለዋል። ይሄን አውቅ ነበር፣ አንብቤዋለሁ፣ በዚያች ሰዓት ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። ያዳነችኝ ቡና ልታፈላ ማድ ቤት የገባችው ጓደኛዬ ናት። አየችው። «ወላሂ ይሄ ነገር ጠምቶታል» አለች። ቡናው እዚያው ጀበና ላይ ወርዶ ሰክኗል። ከአቦሉ በማንኪያ አንድ ጨመረች። ምንም። ሁለት። አሁንም ጓል ነው፣ እንዲያውም ባሰበት። እጇን ልይዛት ነበር። አምስተኛው ማንኪያ ላይ ዳር ዳሩ መላላት ጀመረ፣ ስምንተኛው ላይ ለቀቀ፣ ከዚያ በኋላ ማማሰያው ሲነሳ እንደ ማር ክር እየሠራ ይወርድ ጀመር።

በጠቅላላው ለ400 ግራም ሦስት ሲኒ ያህል ቡና ገባበት። ቁንጥር ጨው ጨመርኩ፣ እሱ ብቻ። ክሬም የለ፣ ሩም የለ። እኔ ክሬም ያለውንም አዲስ አበባ በልቼዋለሁ፣ ይሄኛው ይበልጣል፣ ስለ ጾሙ ብዬ አይደለም። ክሬሙ ጣዕሙን ያለዝበዋል፣ ቡናው ግን ካካዎውን ያወጣዋል። አሁን ቢሆን ክዳንም ሳይነካው ከመጀመሪያው ሆን ብዬ ቡናውን አንዴ ነው የምጨምረው።

ሸክላዋን በሙቅ ውሃ አሙቄ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ በደንብ አድርቄ ቸኮሌቱን ገለበጥኩባት። ከሥሯ የቡናው ከሰል ማንደጃ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ። ፍም ገልጠሽ ብታስቀምጪ ታሳርሪዋለሽ፣ አመዱ ነው ሚዛኑ። ደግሞ አደራ፣ ከሰል ባለበት ቤት በር ይከፈት። ብርድ ነው ተብሎ ተዘግቶ በከሰል ጭስ ስንት ሰው ነው የሚሞተው። በሩን ገርበብ አድርገን ተቀመጥን፣ በሩ አጠገብ የደረሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር፣ እየተፈራረቅን ቦታ ተቀያየርን።

የሚጠቀሰው ምን ነበር? ሙዝ፣ ጠንከር ያለው፣ የበሰለው ሹካ ላይ አይቆምም። ብርቱካን፣ ተልጦ በየክንፉ ተለይቶ ትንሽ ከተጠፈፈ። ፓፓያ አትሞክሩ፣ ያዳልጣል፣ ድስት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አምባሻ በትንንሹ ተቆርጦ ምጣድ ላይ ደረቅ ካለ ጎበዝ ነው። የማታው ንጉሥ ግን ቦንቦሊኖ ነበር፣ ያውም የትናንቱ። ትኩሱ ራሱ ዘይት ነው፣ ቸኮሌቱን አይዝም፤ ያደረው ግን ይጠጣዋል። ሳህኑ ላይ የነበረው መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሰው በሹካ ያዛት፣ ለሁለት ተገነጠለች። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ማንም አልጠበቀውም። እፍኝ ዳቦ ቆሎ በማንኪያ፣ ማንኪያው ነከር፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ። ጨው ጨው የሚለው ከጥቁሩ ቸኮሌት ጋር ሲገናኝ… ሂጂና ሞክሪው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ቀዝቃዛ ፍራፍሬ ሲገባ ቸኮሌቱ ይወፍራል። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት ይላሉ። ደሴ በታኅሣሥ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። ሳህኑን ማንደጃው አጠገብ አስጠጋሁት።

ለእያንዳንዱ ሹካ ሁለት ሁለት ሰጠሁ፣ አንዱ ለመንከሪያ፣ አንዱ ለመብያ። አፍ የገባ ሹካ ወደ ድስት አይመለስም አልኩ። ሕጉ አሥር ደቂቃ ኖረ። ከዚያ መጎራረስ ተጀመረ። አንዷ ነክራ ለጎኗ ታጎርሳለች፣ እሱ ይመልሳል፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል፣ ሁለተኛው ይመጣል፣ ጋቢ ላይ ይንጠባጠባል። ነጭ ጋቢ ላይ።

ስዊሶቹ ዳቦው ድስት ውስጥ የወደቀበትን ሰው ይቀጡታል አሉ። እኛም ቅጣት አወጣን፦ የጣለ ይዘፍናል፣ ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ፣ የምንመርጥለት እኛ ነን። ወሎ ላይ ሆኖ ባቲና አምባሰል አልችልም ማለት አይቻልማ። የኮምቦልቻው ልጅ ሦስት ጊዜ ጣለ። ባቲ ታዘዘ፣ በባቲ ጀምሮ በትዝታ ጨረሰ፣ መሀል ላይ ምን እንደነበር እሱም አያውቅም። ሦስተኛውን ሆን ብሎ የጣለው ይመስለኛል። አንዷ ሚጥሚጣ ጠየቀች፣ ለመሳቅ ነበር። በጫፍ ማንኪያ ለብቻ ሳህን ላይ አቀላቅለን ቀመስነው። ሳቁ ቆመ። ጥሩ ነው እኮ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ማንም ምንም አላለም፣ ፍሙ ነበር።

ቤታቸው የቀረበው በእግር፣ የራቁት በባጃጅ ሄዱ። ለእትዬ በሲኒ ትንሽ አስቀርቼላቸው ነበር፣ በአምባሻ ጠርገው በሉት፣ «መረር ይላል፣ ግን ደህና ነው» አሉ። ድስቷን በማግስቱ በሙቅ ውሃ ብቻ፣ ያለሳሙና፣ ደጋግሜ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ መለስኩላቸው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ በእጃቸው አንድ እንጀራ ላይ ሽሮ ፈሶበት ይዘዋል። «ቅመሺ» አሉ። ቀመስኩ። ጥሩ ሽሮ ነው፣ ከኋላው ግን የሆነ ነገር ይመጣል፣ ጠቆር ያለ፣ ቡና ቡና የሚል።

«በጎመን ዘር አሟሽቼ ሰጠሁሽ» አሉኝ፣ «በቸኮሌት አሟሽተሽ መለስሽልኝ።»