ዓርብ እስኪያልፍ፣ ካትዝ ቤት

ካትዝ የሚባለው የኒው ዮርክ የሥጋ ሳንዱች ቤት የደረስነው ዓርብ ከምሽቱ 5፡30 ገደማ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። የአክስቴ ልጅ ግን አልተጨነቀችም። «ወረፋው እስኪደርሰን 6 ሰዓት ይሞላል፤ አታስብ» አለችኝ። የኒው ዮርክን ወረፋ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ቤቱ ያለው ማንሃተን፣ ሎወር ኢስት ሳይድ፣ የሃውስተንና የሉድሎ መንገዶች ጥግ ላይ ነው። የተከፈተው በፈረንጆቹ 1888 ነው። ያኔ ሰፈሩ ከምሥራቅ አውሮፓ በተሰደዱ አይሁዶች የተጨናነቀ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከተከፈተ እሑድ ማታ ድረስ ሌሊቱንም አይዘጋም።

ዓርብ ማታ እኮ ለአይሁድ ሰንበት ገብቷል። ካትዝ ግን ኮሸር፣ ማለት የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቅ፣ አይደለም። ሙያው የአይሁድ ነው፤ ሕጉን ግን አይከተልም። ሥጋና ቺዝ አንድ ዳቦ ውስጥ አድርጎ ይሸጣል። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ አይሁዳዊ ይህን አይነካም። እነሱ ሰንበትን ትተው ይሸጣሉ፣ እኔ ዓርብ እስኪያልፍ ሰዓት እቆጥራለሁ። ነገሩ አሳቀኝ።

በሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ቲኬት ይሰጣል። ያዘዝከው እሱ ላይ ይጻፍና ስትወጣ ትከፍላለህ። ከጣልከው ቅጣት አለው።

ውስጡ ጫጫታ ነው። «ጦር ሠራዊት ላለው ልጅህ ሳላሚ ላክለት» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቀረ ነው፤ ያኔ የባለቤቶቹም ልጆች ዘምተው ነበር።

ተራችን ደረሰ። ሥጋ ቆራጩ ከእንፋሎቱ ውስጥ ትልቅ ፓስትራሚ በሹካ አወጣ። የበሬ ሥጋ ነው፤ ለሳምንታት በጨውና በቅመም ተዘፍዝፎ፣ ጭስ ጠግቦ፣ ተቀቅሎ የመጣ። ዳሩ በቁንዶ በርበሬ ጠቁሯል፣ ውስጡ ቀይ ነው፣ ስቡ ይንቀጠቀጣል። በእጁ ወፈር ወፈር አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ማሽን የለም። አንዷን ቁራጭ በትንሽ ሳህን ገፋ አደረገልኝ። ቅመስ ማለቱ ነው።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ደቂቃ ይቀራል።

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰውዬው ግራ ገባው። «ሥጋ አትበላም እንዴ?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ በሳቅ ሞተች። ጉርሻ እንደመመለስ ሆነብኝ፤ ግን ጨከንኩ። የጉርሻ ብሩን ማሰሮው ውስጥ ከትቼ ሳህኔንና ያዘዝኩትን የፓስትራሚ ሳንዱች ይዤ ጠረጴዛ ፍለጋ ሄድኩ።

ልክ 6 ሰዓት ሲሆን ጎረስኳት። ቀዝቀዝ ብላለች፤ ቢሆንም አፍ ውስጥ ትቀልጣለች። ሳንዱቹ ከሥጋው ሌላ ራይ ከሚባል እህል የተጋገረ ዳቦና ሰናፍጭ ብቻ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም አያሻውም። ማዮኔዝ መጠየቅ እዚህ ነውር ነው። አጠገቡ በጨው ውኃ የኮመጠጠ ኪያር ይመጣል። ገና ያልኮመጠጠው አረንጓዴው ይሻላል፤ ስቡን ያጥባል።

ዋጋው ከ25 ዶላር በላይ ነው፣ ይቆነጥጣል። ግማሹን አስጠቅልዬ ጠዋት በላሁት። ስቡ ረግቶ ያ ጣዕሙ ጠፍቷል። ሁለት ከሆናችሁ አንድ አዝዛችሁ እዚያው ጨርሱት።