ካርቡራቶሩን ከማስፈታታችሁ በፊት

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ነው የዋልኩት፣ የአጎቴን የድሮ ዲኤክስ መኪና ይዤ። ሜዳ ላይ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች እንጂ ትሄዳለች፣ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ዳገቱን ስትይዝ ግን መንተፋተፍ ነው፣ ጉልበት የሚባል የላትም። ያየን ሰው ሁሉ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ነው ይፈታ ይለናል።

መካኒኩ ጋሼ ካርቡራቶሩን አልነኩትም። ሞተሩን አስነስተው ወደ ካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው) ኤሌክትሪክ የሚወስዱትን ገመዶች እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ አንድ በአንድ ነቀል መለስ ያደርጋሉ፣ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ያ ሲሊንደር እየሰራ ነው፣ ካልተቀየረ ችግሩ እሱ ጋ ነው። 3ኛው ላይ ምንም ለውጥ የለም! ካንዴላው ሲፈታ በቤንዚን ረጥቧል፣ ስለዚህ ቤንዚን ይደርሰዋል፣ የጎደለው እሳት ነው። ካንዴላውን ከ2ኛው ጋር አቀያየሩት፣ ችግሩ እዛው ቀረ። ገመዱን ሲያቀያይሩት ግን ችግሩ ገመዱን ተከትሎ ወደ 2ኛው ሄደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዳገት ላይ ለምን ይብሳል ብዬ ጠየቅኳቸው። ቤንዚን ረገጥ ሲደረግ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ እሳቱ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፣ የተሰነጠቀ ገመድ ደግሞ ያን ቮልት ወደ ሞተሩ ብረት ያፈሰዋል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን ብታስነሱ ብልጭታው በዓይን ይታያል አሉኝ፣ በእጅ እንዳትነኩት ብቻ።

አጎቴ አንዱን ገመድ ብቻ ቀይሩልኝ ብሎ ነበር፣ ጋሼ ግን እኩል ያረጁ ናቸው ብለው አራቱንም አስቀየሩን።