ዝናብ፣ ቆርቆሮና የጅማ አንባቢዎች

ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥል ማንበብ ይከብዳል። የገባሁበት የንባብ ክፍል ኮርኒስ የለውም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው «ጸጥታ ይከበር» ሰሚ አጣ። ወጣቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። መደርደሪያው ጋ ማንም የለም፤ ሁሉም የራሱን ደብተርና ሞጁል ይዞ ነው የመጣው። ቀድመው የሚያዙት ሶኬት አጠገብ ያሉት ወንበሮች ናቸው። ሰዉ ከመጽሐፍ ይልቅ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የቸገረው።

ይሄ ነገር የውጭዎቹ አርክቴክቶች ዘንድ ከደረሰ ቆይቷል። ሄልሲንኪ ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው ኦዲ የተባለው ቤተ መጻሕፍት፣ መጻሕፍቱን ላይኛው ፎቅ ላይ አድርጎ መካከለኛውን ለልብስ ስፌት ማሽን፣ ለስሪዲ ማተሚያና ለሙዚቃ ስቱዲዮ ሰጥቶታል። ታች ቡናህን ጠጥተህ አንድ ገጽ ሳትገልጥ ብትወጣ የሚቆጣህ የለም። ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው ዶክ1 ደግሞ ትልቅ ደወል አለው። ሆስፒታል ልጅ የተወለደላቸው ወላጆች ቁልፍ ሲጫኑ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይደወላል። እኛ ጋ ቢሆን እልልታ ይከተለው ነበር! የቻይናው ቲያንጂን ቢንሃይ ቤተ መጻሕፍት ግን አልማረከኝም። እጅ የማይደርስባቸው መደርደሪያዎች ላይ ያለው የመጽሐፍ ሥዕል ነው። ለፎቶ ካልሆነ ምን ይሠራል?

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ጅሬን ወጣሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ሰፋፊ የእንጨት በረንዳዎች አሉት። በረንዳው ላይ ቆሜ ቀናሁ። ዝናቡ ደጅ ይቀራል፤ ብርሃንና ነፋስ ይገባሉ። እኛ ግን አሁን የያዝነው ፋሽን መስታወት በመስታወት ሆኗል፤ ፀሐይ ሲወጣ መጋረጃ ፍለጋ ነው። ማውራት የፈለገ በረንዳ ላይ፣ ዝምታ የፈለገ ውስጥ ቢሆን ግማሹ ችግር በተቃለለ። ኮርኒሱን ብቻ አደራ።

አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አግኝታለች። ጅማ ላይ እንደዚያ ያለ ቢሠራ ምን እንዲኖረው እንደሚፈልግ ባለባጃጁን ስንወርድ ጠየቅኩት። ማታ ማታ ኤክስቴንሽን ይማራል።

«ንጹህ ሽንት ቤት» አለ ሳያስብ።

«ሌላስ?»

«ሥራ የምጨርሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ጋሼ። እነሱ አሥራ አንድ ላይ ከዘጉ፣ ውስጡ ወርቅ ቢሆን ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»